የሰቀልነው እኛ፣ ሲወድቅ «ቀደር ነው» የምንለውም እኛ



ባለፈው ረመዳን ተራዊሕ አልቆ ሰው እየወጣ ሳለ፣ እኛ በምንሰግድበት መስጂድ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሞንታርቦ ወደቀ። ሃያ ኪሎ ገደማ ይሆናል። ያረፈው ከጥቂት ደቂቃ በፊት ሁለት ሕፃናት ተኝተውበት የነበረው ምንጣፍ ላይ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ማንም አልተጎዳም። ቀጥሎ የሆነው ግን ያሳፍራል። አንዱ «ቀደር ነው» አለ፣ ሌላው «አላህ አተረፈን» አለ፣ በነጋታው ሞንታርቦው እዚያው ቦታ፣ በዚያው ቀዳዳ፣ ትንሽ ወፈር ባለ ቡሎን ተመልሶ ተሰቀለ። የሰቀልነው እኛው ወጣቶቹ ነን። ስለዚህ ይህን ስንጽፍ ጣታችንን ሌላ ሰው ላይ እየቀሰርን አይደለም።

ቀደር መሆኑን ማን ካደ? ግን ባዶ ብሎኬት ላይ ፊሸር የመታነውም እኛ ነን። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ፊሸሩ የሚይዘው ስስ ቅርፊቱን ብቻ ነው። ሞንታርቦ ደግሞ እንደ ሰዓት ዝም ብሎ የሚንጠለጠል ዕቃ አይደለም፤ ድምፅ ባወጣ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፣ ወራት ሲቆጠሩ ቡሎኑ ይላላል። መሰቀል ያለበት ኮንክሪት ኮለን ወይም ቢም ላይ ነው። እሱ ካልተገኘ ግድግዳውን ዘልቆ በወዲያኛው በኩል በወፍራም የብረት ሳህን በሚታሰር ቡሎን ይያዛል። የጭቃ ግድግዳ ከሆነማ ጨርሶ አይሞከርም፤ ሦስት እግር ባለው ስታንድ መሬት ላይ ይቁም፣ እግሮቹም እስከ መጨረሻው ይከፈቱ።

በእጀታው አስረን የምንሰቅልም አለን። እጀታ ለመሸከም ነው የተሠራው። ለመሰቀል የተሠራ ሞንታርቦ ፋብሪካው ራሱ ያዘጋጀለት የቡሎን ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳው ከሌለው ለመሰቀል አልተሠራም ማለት ነው። በትክክል የተሰቀለውም ቢሆን ሁለተኛ መያዣ ያስፈልገዋል፤ ዋናው ቢበጠስ እዚያው አንጠልጥሎ የሚያስቀረው፣ ከሌላ ቦታ የታሰረ አጭር የብረት ገመድ። ዋጋው ከሞንታርቦው ዋጋ አጠገብ አይደርስም።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናስተውለው ነገር አለ። በድሮው አሠራር አምፕሊፋየሩ ከኢማሙ አጠገብ ይቀመጥና ወደ ሞንታርቦው የሚሄደው የድምፅ ሽቦ ብቻ ነበር። አሁን የምንገዛው አምፕሊፋየሩ ውስጡ ነው። ስለዚህ 220 ቮልት አብሮ ግድግዳ ላይ ይወጣል፤ በሴቶች ክፍል ደግሞ ሕፃናት በሚድሁበት ጥግ ይወርዳል። ታዲያ እኛ ይህን መስመር የምንዘረጋው በምንድን ነው? በዲቫይደር ላይ ዲቫይደር፣ መገጣጠሚያው በናስትሮ ተጠቅልሎ፣ ምንጣፍ ሥር ተደብቆ።

ከሁሉም የከፋው የኧርዙ ጉዳይ ነው። ሞንታርቦው «እዝዝ» ሲል «ኧርዙ ነው» ይባልና የኧርዙ ሽቦ ይቆረጣል። ድምፁ ጸጥ ይላል፣ ልጁም ባለሙያ ተብሎ ይመሰገናል። እንግዲህ አስቡት፦ ውስጥ አንድ ሽቦ ቢላጥና ብረቱን ቢነካ፣ በኧርዙ ወርዶ ብሬከር መጣል የነበረበት ኮረንቲ መውጫ ያጣል፤ በድምፅ ገመዱ በኩል እስከ ማይኩ ብረት ሊደርስ ይችላል። ማይኩን የሚይዘው ማን ነው? ውዱእ አድርጎ እጁ ሳይደርቅ የመጣው ሙአዚን። ጩኸቱን ማጥፋት ከተፈለገ ሚክሰሩንና ሞንታርቦዎቹን ኧርዝ ካለው አንድ መስመር መሰካት፣ ሦስት እግር ያለውን የማይክ ገመድ መጠቀም አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ኮረንቲ ሲፈስ በ30 ሚሊ አምፒር ራሱን የሚያጠፋ ብሬከር ማስገጠምም የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ሌላው ቀላል ነው፣ ግን አናደርገውም። ሲከፈት ሚክሰሩ ይቀድማል፣ ሞንታርቦው ይከተላል፤ ሲዘጋ ሞንታርቦው ይቀድማል። መብራት ሲሄድ ይነቀላል። ነጎድጓድ ከጀመረም እንዲሁ፣ ያውም ዝናቡ እስኪመጣ ሳይጠበቅ። የቤት ውስጥ ሞንታርቦ በክረምት ደጅ አውጥቶ ፌስታል ማልበስ መፍትሔ አይደለም፤ ውኃው ባይገባ እንኳ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ለሚናራ ለዝናብ የተሠራው ጡሩምባ አለ።

ድምፁን በተመለከተ «አዛን ቀንሱ ሊሉን ነው» የሚሉን እንደማይጠፉ እናውቃለን። አላልንም። የምንናገረው ጣሪያው ዝቅ ባለ ክፍል ውስጥ ቀይ መብራቱ እየበራ ሁለት ሰዓት ስለሚጮኸው ዳዕዋ ነው። ቀዩ መብራት ድምፁ እየተሰባበረ መሆኑን ነው የሚናገረው፤ ተናጋሪው አይሰማም፣ ዕቃውም ይቃጠላል። ጆሮስ? በሥራ ቦታ የጤና ባለሙያዎች 85 ዴሲቤልን ለ8 ሰዓት ይፈቅዳሉ፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፣ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ደግሞም የሳዑዲ ዐረቢያ የእስልምና ጉዳዮች ሚኒስቴር በ2021 የውጭ ድምፅ ማጉያ ለአዛንና ለኢቃማ ብቻ እንዲሆን፣ መጠኑም ከአንድ ሦስተኛ እንዳያልፍ አዝዟል። እነሱንም «አዛን ጠሉ» እንላቸዋለን?

ወደ ገንዘቡ እንምጣ፣ ምክንያቱም ነገሩ እዚያ ነው ያለው። ለሞንታርቦ መግዣ ሲባል በአንድ ጁምዓ ይሞላል፤ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት አይተን እናጨበጭባለን። ለመስቀያ ብረት፣ ለሽቦ፣ ለኤሌክትሪሺያን ሲባል ግን «ልጆቹ ለአላህ ብለው ይሥሩት» ይመጣል። ልጆቹ እኛ ነን። ባዶ እግራችንን የተሰነጠቀ መሰላል ላይ የምንወጣው፣ ብሬከሩ ሳይጠፋ ሽቦ የምንገፈው እኛ ነን። ለአላህ ብሎ መሥራትን አንጠላም፣ ወላሂ እንወደዋለን። ነገር ግን ተወኩል ሰበቡን ካደረሱ በኋላ የሚመጣ ነው፤ የግመሏን ነገር እየደጋገመ ኹጥባ ላይ የሚነግረን ያው ማይክ አይደለም እንዴ?

የኛን ሞንታርቦ ባለፈው ሳምንት ራሳችን አወረድነው። ቡሎኑ በጣት ይዞር ነበር። አሁን ከኮለኑ ሥር ስታንድ ላይ ቆሟል፣ ስታንዱም ከኮለኑ ጋር ታስሯል። በያጁ የመስቀያውን ብረት ዋጋ ነግሮናል፣ ለኮሚቴው አቅርበናል፣ መልስ እየጠበቅን ነው። እናንተም ከመግሪብ በኋላ መሰላል ያዙ፣ አንድ ሰው መሰላሉን ይደግፍ፣ ብሬከሩን አጥፉና የናንተን ቡሎን በእጃችሁ ነክታችሁ እዩ።