የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ የራጅ እጣቢና መውጫ የሌለው ውሃ

የራጅ ፊልም ምስል የሚይዘው በላዩ በተቀባው የብር ማዕድን ውህድ ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ ዴቨሎፐሩ ምስሉን ያወጣል፤ ፊክሰሩ ደግሞ ሳይጋለጥ የቀረውን ብር አሟሙቶ ይወስዳል። ስለዚህ ያገለገለ ፊክሰር በሊትር ጥቂት ግራም ብር ይይዛል፤ ዴቨሎፐሩም ለውሃ እንስሳት መርዝ የሆነው ሃይድሮኩዊኖን አለበት።

እነዚህን ቦይ ውስጥ መድፋት የትም ጎጂ ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ግን ይብሳል። አዳማ የምትጠጣው አዋሽ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ባቱ ከተማ ዳር ያለው ዝዋይም በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ይፈስሳል፤ አብያታ ደግሞ መውጫ የለውም። ብር በትነት አይጠፋምና እዚያው ደለል ውስጥ ይከማቻል።

ዲጂታል ራጅ ኬሚካሉን ጨርሶ ያስቀራል፤ ዋጋውና የመብራት መቆራረጥ ግን ብዙ ክሊኒኮችን ከፊልም ጋር ሊያቆያቸው ይችላል። ለእነዚህ ቀዳሚው ሥራ ፊክሰሩን ከዴቨሎፐሩ ሳይቀላቅሉ በፕላስቲክ ጀሪካን ማጠራቀም ነው። ከዚያ ብሩ በኤሌክትሪክ ይለያል፤ ወይም ፈሳሹ በቀጭን የብረት ክር ውስጥ ሲያልፍ ብረቱ ሟሙቶ ብሩ ይቀራል። የተገኘው ብር ይሸጣል። አሮጌ ፊልምም ብር ስላለው ከቆሻሻ ጋር መቃጠል የለበትም። የዚህ እትም ጽሑፎች የሚያተኩሩት በጀሪካኑ ላይ ነው፤ ዛሬውኑ ሊጀመር የሚችለው እርሱ ነውና።