«ራስሽን ጠብቂ» ብቻውን ስንቅ አይሆንም

ልጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመላክ የምትዘጋጁ የሸዋ ሮቢት፣ የአጣዬና የአካባቢው ወላጆች፣ ሻንጣ የምታዘጋጁ ተማሪዎቼም፣ ትንሽ ረዘም ብሏልና ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

ሻንጣው ውስጥ ምን እንደሚገባ እናውቃለን። በሶ፣ ቆሎ፣ ከሮቢት ሙቀት ወጥቶ የደብረ ብርሃን ብርድ ለሚጠብቀው ደግሞ ጋቢ። ምክሩንም እናውቀዋለን። ለሴቷ «ራስሽን ጠብቂ»፣ ለወንዱ «ጎብዝ»። አለቀ። እሷ ከማን እንደምትጠበቅ አልተነገራትም። እሱም የሚፈራው ሰው ራሱ ሊሆን እንደሚችል የነገረው የለም።

ጥበቃው ሁሉ ለምን በእሷ ትከሻ ላይ ብቻ ይጫናል? ብዙ ወንድ ልጅ ግቢ የሚገባው «ሴት እምቢ ስትል እሺ ማለቷ ነው» የሚለውን ወሬ ይዞ ነው። ወንዶች፣ እምቢ ማለት እምቢ ነው። ዝም ማለትም እሺ ማለት አይደለም። ትናንት እሺ ያለች ዛሬ እምቢ ማለት ትችላለች። ምሳ ጋበዝኳት፣ ሃንድአውት ኮፒ አደረግኩላት ብሎ ነገር ዕዳ አይሆንባትም። የሰከረች ልጅ ፈቃዷን ሰጠች አይባልም።

«ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። በኒካሕም በቤተ ክርስቲያን ጋብቻም የሙሽራዋ ፈቃድ ግድ ነው። እስላም ክርስቲያኑ አብሮ በሚኖርበት ይፋት ይህ ለማን ይጠፋዋል? ለትዳር የሚጠየቅ ፈቃድ ለግቢ ፍቅር እንዴት ይቀራል?

ሕጉንም እንወቅ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 620፣ በኃይል፣ በከባድ ዛቻ ወይም ራሷን እንዳታውቅ አድርጎ ሴትን የደፈረ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል ይላል። አንቀጽ 625 ደግሞ መምህር በተማሪው ላይ ያለውን ሥልጣን ተጠቅሞ ቢተኛት ወንጀል መሆኑን ይናገራል። «ማርክሽ በእጄ ነው» የሚል ሰው ባለጌ ብቻ ሳይሆን ወንጀለኛ የሚሆንበት መንገድ ላይ ነው ማለት ነው። ቅጣቱ ግን ቀላል እስራት ነው፤ ያውም ተበዳይዋ አቤቱታ ካቀረበች ብቻ። እንደ አስተማሪ ይሄ ያሳፍረኛል፤ መጥበቅ አለበት ባይ ነኝ። እስኪጠብቅ ድረስ ግን ልጆቻችን ቢያንስ አቤት ማለት እንደሚችሉ ይወቁ።

ክፉ ነገር ከደረሰ ጊዜ አይሰጥም። ኤችአይቪ እንዳይይዝ የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያው እስከ 5 ቀን ይሠራል፣ በፈጠነ ቁጥር ግን ይሻላል፤ ኤችአይቪን አይከላከልም። ገላ ሳይታጠቡ፣ የለበሱትን ልብስ ሳያጥቡ ሆስፒታል መሄድ ለማስረጃ ይጠቅማል። በመደፈር የመጣ እርግዝናን ማቋረጥ በአንቀጽ 551 ተፈቅዷል፤ ለዚህም የሴቷ ቃል በቂ ነው እንጂ የፍርድ ቤት ወረቀት አምጪ አይባልም።

አሁን ወደ «ራስሽን ጠብቂ» ልመልሳችሁ። ይህን ብቻ ሰምታ የሄደች ልጅ አንድ ነገር ሲደርስባት «ራሴን አልጠበቅኩም» ብላ ታፍራለች። ስለምታፍር ትደብቃለች። ስትደብቅ 72 ሰዓቱ ያልቃል። ምክራችን ሳናስበው አፏን ይዘጋባታል።

«ዓይናቸውን አትክፈት» ለምትሉኝ፣ ስልካቸው ከከፈተው ቆየ እኮ! የከፈተው ግን በተሳሳተ በኩል ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ልጆቹ ከመሄዳቸው በፊት ትምህርት ቤቶቻችን ግማሽ ቀን ይመድቡ። ከጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ፣ አንድ የሕግ ባለሙያ፣ ቄሱና ሼኁም ይገኙ። ወንዶቹም ሴቶቹም አንድ ላይ ይስሙ። ግቢ ስትደርሱ ደግሞ ክሊኒኩንና የሥርዓተ ጾታ ቢሮውን በመጀመሪያው ሳምንት ፈልጋችሁ እወቁ፤ የሚፈለጉበት ቀን እስኪመጣ አትጠብቁ።

ወላጆች፣ ሻንጣው ሲዘጋ ለሴቷም ለወንዱም ይህችን ጨምሩ፦ «ምንም ቢደርስብህ፣ ምንም ቢደርስብሽ፣ መጀመሪያ ለእኔ ደውሉ። አልቆጣም።» ብላችሁም አትቆጡ።