የብሪክስ ወንበርና የአዊ ገበሬ ዩሪያ

በታኅሣሥ ወር 2016 ዓ.ም. በሳምንት ገደማ ልዩነት ሁለት ነገሮች ሆኑ። መጀመሪያ ኢትዮጵያ ለ1 ቢሊዮን ዶላሩ የዩሮ ቦንድ የሚጠበቅባትን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል የእፎይታው ጊዜ አለፈባት። ቀጥሎ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን፣ የብሪክስ ሙሉ አባል ሆነች። ሁለተኛው ዜና ጮክ ተብሎ ተነገረ፤ የመጀመሪያው ለስለስ ተደርጎ። እኔ ግን ሁለቱን ነጣጥዬ ማየት አልቻልኩም። ስለ ዓለም ኢኮኖሚ አስተዳደር መሻሻል የሚነገረው ሁሉ ለእኛ ትርጉም የሚኖረው የዕዳንና የውጭ ምንዛሪን ጫና ሲያቃልል ነው። ጫናው ደግሞ አዲስ አበባ ላይ አይቆምም፤ እስከ እንጅባራና ዳንግላ ይወርዳል።

አዊን የሚያውቅ አንባቢ እንደሚረዳኝ፣ የባንጃና የፋግታ ለኮማ ደጋ መሬት አሲዳማ ነው። ያለ ኖራና ያለ ማዳበሪያ ጤፉም፣ ገብሱም፣ ድንቹም የልፋቱን ያህል አይሰጥም። በዚህም የተነሳ ብዙ ገበሬ መሬቱን ዲከረንስ ለሚባለው ዛፍ ሰጥቶታል። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሃል ጤፍ ይዘራል፤ ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ዛፉን ቆርጦ ያከስላል፣ ከሰሉም ተጭኖ አዲስ አበባ ድረስ ይሸጣል። ማንም ባለሙያ ሳያዘው ያገኘው መላ ነበር። በቅርብ ዓመታት ግን ዛፉን በሽታ ገባበት። ወደ እህል ልመለስ ያለ ገበሬ ደግሞ ፊት ለፊት የሚያገኘው የዩሪያን ዋጋ ነው። ዩሪያው በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል የሚገባ ዕቃ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። መንግሥት ለማዳበሪያ ድጎማ ማድረጉ እውነት ነው፤ ድጎማውም ቢሆን ከዚያው ከተጨነቀው ካዝና የሚወጣ ነው። (ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የተነሳው ግጭት ማዳበሪያውን በጊዜው ማድረስን ምን ያህል እንዳከበደው ለብቻው መጻፍ ያለበት ጉዳይ ነው።)

ብሩ በተለቀቀበት ሰሞን የዓለም ገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) ቦርድ ለኢትዮጵያ 3.4 ቢሊዮን ዶላር አጸደቀ። በዚያ ድርጅት ውስጥ የእኛ ድምፅ ስንት ነው? ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1944 በብሬተን ዉድስ ጉባኤ ከተቀመጡት 44 አገሮች አንዷ ናት፤ ከአፍሪካ አብረዋት የነበሩት ግብፅ፣ ላይቤሪያና ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናቸው። ከ80 ዓመት በኋላ ድምፅዋ 0.09 በመቶ ገደማ ነው። አሜሪካ ከ16 በመቶ በላይ አላት፤ ትልልቅ ውሳኔዎች 85 በመቶ ስለሚጠይቁ እሷ ያልፈቀደችው አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የተወሰነው የ50 በመቶ የኮታ ጭማሪም የድርሻውን ሚዛን እንደነበረ ተወው።

የአምስቱ ነባር የብሪክስ አባላት ድምፅ ተደምሮ 15 በመቶ አይሞላም ነበር። ግብፅ፣ ኢትዮጵያ፣ ኢራን፣ ኤምሬትስና ኢንዶኔዥያ ሲጨመሩ ግን በጥቂቱ ያልፋል። በወረቀት ላይ እነሱም ማገድ ይችላሉ ማለት ነው። ቻይናና ህንድ በአንድ ነገር ላይ አብረው እጃቸውን የሚያወጡበት ቀን እስኪመጣ ግን ይህ የሂሳብ ጨዋታ ብቻ ነው። ብሪክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ያቋቋመው የ100 ቢሊዮን ዶላር የመጠባበቂያ ስምምነትም ቢሆን፣ አባል አገር ከሚፈቀድለት ከ30 በመቶ በላይ መውሰድ ሲፈልግ የአይኤምኤፍን ፕሮግራም እንዲይዝ ይጠይቃል። አሮጌውን ቤት ለመተካት የተሠራው አዲስ ቤት በሩ የሚከፈተው በአሮጌው ቁልፍ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን የዕዳው ታሪክ ያስተምረናል። ኢትዮጵያ በቡድን 20 ‹‹የጋራ ማዕቀፍ›› ዕዳዋ እንዲሸጋሸግላት እንደምትጠይቅ ያስታወቀችው በጥር 2013 ዓ.ም. ነው። የአበዳሪ መንግሥታቱን ኮሚቴ በጋራ የመሩት ፈረንሳይና ቻይና ናቸው። ከመርህ ስምምነት የተደረሰው በመጋቢት 2017፣ መግባቢያው የተፈረመው በሰኔ 2017 ነው፤ ከአራት ዓመት በላይ ማለት ነው። የቦንዱ ባለቤቶች ጉዳይ ከዚያም በኋላ ሲያከራክር ቆየ። በዚያው ሰሞን የጠየቀችውና የብሪክስ አባል ያልሆነችው ዛምቢያ ስምምነቷን ያገኘችው በሰኔ 2015 ዓ.ም. ነበር፤ ኮሚቴዋን የመሩትም እነዚያው ሁለቱ አገሮች ናቸው። ለመዘግየታችን የሰሜኑ ጦርነትና የምንዛሪ ማሻሻያው መጓተት ትልቅ ድርሻ እንዳላቸው አልክድም። ሆኖም አንድ ነገር ግልጽ ነው፦ በጆሃንስበርግ ስለ ፍትሐዊ ዓለም አብራን የምትናገረው ቻይና፣ ፓሪስ ላይ ስትቀመጥ እንደማንኛውም አበዳሪ ገንዘቧን ትቆጥራለች። አልወቅሳትም፤ አበዳሪ ነች። የምወቅሰው ይህን እያወቁ አባልነቱን እንደ መድኃኒት የሚያቀርቡልንን ነው።

ማዳበሪያም ላይ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ቻይና የራሷን ገበሬ ለመጠበቅ ብላ ወደ ውጭ በሚወጣ ማዳበሪያ ላይ ቁጥጥር ስታጠብቅ፣ በወራት ውስጥም የዩክሬን ጦርነት ሲጨመርበት፣ የዓለም ዋጋ ናረ። ከትልልቆቹ የማዳበሪያ አምራቾች ውስጥ ሩሲያ፣ ቻይናና ግብፅ ዛሬ ከእኛ ጋር በአንድ ጠረጴዛ የተቀመጡ ናቸው። ታዲያ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ምን እንጠይቃለን? በእኔ እምነት ተጨማሪ ወንበርና አዲስ የጋራ ገንዘብ አይደለም። አንደኛ፣ አንድ አገር የዕዳ ሽግሽግ ከጠየቀችበት ቀን ጀምሮ ክፍያዋ እንዲቆምና ድርድሩ የጊዜ ገደብ እንዲኖረው፤ ለዚህ የቻይናና የህንድ ‹‹እሺ›› ከዋሽንግተን ‹‹እሺ›› እኩል ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ አምራች አባላት የማዳበሪያ ሽያጭ ከመገደባቸው በፊት ለድሃ ገዢዎች እንዲያሳውቁና የተወሰነ መጠን እንዲለዩላቸው። ልዑካኖቻችን በብሪክስ ስብሰባዎች ይህን ጠይቀው እንደሆነ ለሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ቢያስረዱ ደግሞ የብዙዎቻችንን ጥያቄ ይመልሱ ነበር።

በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር በጎዴ የ2.5 ቢሊዮን ዶላር የዩሪያ ፋብሪካ ለመትከል ውል ተፈርሟል፤ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ያመርታል ተብሏል። ጋዙ የራሳችን፣ ባለሀብቱም አፍሪካዊ ነው፤ ከብዙ የጉባኤ መግለጫ ይልቅ ይህ ያጓጓኛል። ነገር ግን ለፋብሪካው የሚመጣው ብድርም ሆነ ለባለድርሻው የሚከፈለው ትርፍ ዶላር ይጠይቃል። ስለዚህ የዳንግላ ገበሬ ከወዲሁ ማወቅ የሚገባው ነገር አለ፤ የጎዴ ዩሪያ ለአገር ውስጥ ገዢ የሚሸጠው በብር በሚተመን ዋጋ ነው ወይስ የዓለም ገበያን ዶላር ተከትሎ?