«ፎርማት አድርገው» ከማለታችን በፊት

በየዶርሙ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ጭኖ የሚማር ወንድምና እህት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ካቆመ ወዲህ ደግሞ ወደ ኡቡንቱና ወደ ሊኑክስ ሚንት የሚሻገረው መጨመሩ አይቀርም። ለዊንዶውስ 11 አይበቃም የተባለ ማሽን በሊኑክስ ገና ያገለግላልና ደግ ነገር ነው።

ጣጣው የሚመጣው አንድ ቀን ማሽኑ አልነሳም ሲል ነው። ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ጽሑፍ። ያን ጊዜ ከአጠገባችን ያለው ሁሉ የሚመክረው አንድ ነገር ነው፦ «ፎርማት አድርገው»። ይህን ምክር እቃወማለሁ። ለጂሲ ተማሪ ፎርማት ማለት የመመረቂያ ጽሑፉን በገዛ እጁ ማጥፋት ሊሆን ይችላል። ማሽኑ አልነሳም ማለት ፋይሉ ጠፋ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ፋይሎቹ ባሉበት አሉ፤ የተበላሸው ወደ እነሱ የሚያደርሰው መንገድ ነው።

ስክሪኑን እናንብበው፤ በስልክም ፎቶ እናንሳው። «ግራብ ሬስኪዩ» ካለ፣ ማስነሻው ፕሮግራም የሚፈልገውን ፓርቲሽን አላገኘም። «ኢኒትራምኤፍኤስ» ካለ፣ ከርነሉ ተነስቷል፤ ዋናውን ፓርቲሽን መክፈት ነው ያቃተው። አፕዴት ከተደረገ በኋላ «ከርነል ፓኒክ» ከመጣ ደግሞ በግራብ ሜኑ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብቶ የቀድሞውን ከርነል መምረጥ ብቻውን ሊበቃ ይችላል። ኡቡንቱ የቀድሞውን ከርነል ወዲያው አይጥለውም።

የእኛ ዋና በሽታ ግን መብራት ነው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ በቻርጀር ብቻ ይኖራል፤ መብራት እልም ሲል የጀመረውን ጽፎ ሳይጨርስ አብሮ ይጠፋል። ኤክስት 4 የሚባለው የፋይል ሲስተም ለዚህ ብሎ ጆርናል ስለሚይዝ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ያስተካክላል። ያልቻለ ዕለት ቆሞ «በእጅ ፈትሹኝ» ይላል። በዚያ ላይ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ካለቀች፣ ቻርጀሩ በተነቀለ ቁጥር የማሽኑ ቀን ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያን ጊዜ ፍተሻው ዲስኩ መጨረሻ የተከፈተው «ገና ባልመጣ ቀን» ነው ብሎ ሊያማርር ይችላል፤ የባዮሱ ሴቲንግም ተመልሶ የቡት ቅደም ተከተሉ ሊቀየር ይችላል። ዲስኩ ምንም ሳይሆን በአንዲት ባትሪ ሰበብ ፎርማት የተደረገ ላፕቶፕ ያሳዝናል።

መፈተሻው ትእዛዝ ኤፍ-ኤስ-ሲ-ኬ ይባላል። ብዙ መመሪያ ቀድሞ እሱን አስኪዱ ይላል፤ እኔ ቅደም ተከተሉን እገለብጠዋለሁ። ዲስኩ ራሱ እየሞተ ከሆነ፣ በተለይ የሚሽከረከረው ዓይነት ሆኖ ቀጭ ቀጭ ካለ፣ ጥገናው እዚያው ዲስክ ላይ ስለሚጽፍ የተረፈውንም ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ በሌላ ኮምፒውተር ኡቡንቱ የተጻፈበት የ8 ጂቢ ፍላሽ ሰክቶ «ትራይ ኡቡንቱ» በሚለው መነሳት፣ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል መገልበጥ፣ ፓርቲሽኑን ከዘጉ በኋላ ብቻ መፈተሽ ይሻላል። በተከፈተ ፓርቲሽን ላይ ይህን ትእዛዝ ማስኬድ ሌላ ጥፋት ይጨምራል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ፎርማት ቢመጣ ማንም አይጎዳም።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በፍላሽ የተነሳ ማሽን የባለቤቱን ፓስወርድ አይጠይቅም። ዲስኩ በኢንክሪፕሽን ካልተቆለፈ ፎቶውም የግል ጽሑፉም ወለል ብሎ ይታያል። እናስተካክል ብለን የተቀበልነው ላፕቶፕ አማና ነው። ባለቤቱ አጠገባችን ተቀምጦ የሚገለበጠውን ፎልደር ራሱ ይምረጥ፤ የእህቶችን ደግሞ እህቶች ቢሠሩት ይመረጣል። ለሱቅ ሲሰጥም ያው ነው፤ ትቶ መሄድ አያስፈልግም።

ጀመዓችን ለጂሲዎች የምረቃ ዝግጅት ሲያስብ፣ ኡቡንቱ የተጻፈባቸው ሦስት አራት ፍላሾችና አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ቢገዛ እላለሁ። ከየባቹ አንድ ሰው ይያዛቸው፤ የእህቶች ዶርም የራሱ ይኑረው። ዕቃው የሚገዛው ግን ዲፌንስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሳይሆን በዚህ ሴሚስተር መጀመሪያ ይሁን።