የሠራተኛው ጤና በነጋዴው የሒሳብ መዝገብ

ለከባድ መኪናው ጊዜ ጠብቆ ዘይት የሚያስቀይር፣ ጎማውንና ፍሬኑን የሚያስፈትሽ ባለንብረት በአዲስ አበባ ሞልቷል። ያንኑ መኪና እስከ ጂቡቲ ወደብ ለሚነዳው ሾፌር በዓመት አንዴ የደም ግፊት ያስለካ ባለንብረት ግን በመብራት ቢፈለግም በቀላሉ አይገኝም። ምክንያቱ ክፋት አይደለም። መኪናው በሒሳብ መዝገቡ ላይ ንብረት ሆኖ ተመዝግቧል፤ የእርጅና ተቀናሽ ይሰላለታል፤ ኢንሹራንስ ይገባለታል። ሾፌሩ ያለው በወጪ ዓምድ ውስጥ ነው። ወጪ ደግሞ እንዲቀነስ እንጂ እንዲጠገን አይጠበቅም።

እንዲህ ዓይነት አስተሳሰብ በሰፈነበት ገበያ ውስጥ ነው እንግዲህ «የሠራተኞች ጤና እንክብካቤ ፕሮግራም» የሚባለው ነገር ከውጭ የገባው። ብዙውን ጊዜ የሚታየው የጂም ካርድ ሆኖ ነው፤ ወይም በዓመት አንድ ቀን ከነቲሸርቱ የሚደረግ የእግር ጉዞ፣ አለበለዚያም ስለ አመጋገብ የሚሰጥ የግማሽ ቀን ገለጻ ነው። ነጋዴው ይህን ሲያይ «የሀብታም አገር ጨዋታ ነው» ብሎ ያልፈዋል። በግማሹ ትክክል ነው። በቀረው ግማሽ ግን ገንዘቡን እየጣለ ነው፤ የሚጥለውም ከሚገምተው በላይ ነው።

ትክክል የሆነበትን እናስቀድም። ፕሮግራሙ የተስፋፋው በአሜሪካ ሲሆን፣ ያለምክንያትም አይደለም። በዚያ አገር ለብዙው ሠራተኛ የሕክምና መድን የሚገዛው አሠሪው ስለሆነ፣ ሠራተኛው በታመመ ቁጥር ሒሳቡ ዞሮ ዞሮ የሚመጣው ወደ ድርጅቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሦስት የሐርቫርድ ተመራማሪዎች ቀደም ሲል የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስበው ካሰሉ በኋላ፣ ለእንዲህ ዓይነት ፕሮግራም የወጣ እያንዳንዱ ዶላር ከሕክምና ወጪ 3 ዶላር ከ27 ሳንቲም፣ ሠራተኛ ከሥራ በመቅረቱ ከሚባክነው ደግሞ 2 ዶላር ከ73 ሳንቲም እንደሚያድን ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራም ለመሸጥ የወጣ ሰው ሁሉ የሚያነሣው ይህንኑ ቁጥር ሆነ።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ከሦስቱ ጸሐፊዎች ሁለቱ፣ ካትሪን ቤከርና ዚሩይ ሶንግ፣ ነገሩን ራሳቸው በዕጣ ሊፈትኑት ተነሡ። ቢጄስ በተባለው የአሜሪካ የጅምላ መደብር ውስጥ ካሉ 160 የሥራ ቦታዎች 20ው በዕጣ ተመርጠው ፕሮግራሙን ጀመሩ፤ በጥናቱ የተካተተው ሠራተኛ ወደ 33 ሺሕ ይጠጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የ18 ወራት ውጤት ነጋዴ የሚወደው ዓይነት አልነበረም። ፕሮግራሙ ባለበት ቦታ የሚሠሩት «ስፖርት እንሠራለን፣ ክብደታችንን እንቆጣጠራለን» ማለታቸው ጨምሯል። ደም ግፊታቸው፣ የሕክምና ወጪያቸውና ከሥራ የቀሩባቸው ቀናት ግን ፕሮግራሙ ከሌለባቸው ጓደኞቻቸው የተለየ ሆኖ አልተገኘም።

በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ወደ 5 ሺሕ በሚጠጉ ሠራተኞች ላይ የተደረገው ሌላ ጥናት ምሥጢሩን ገልጦታል። በፈቃደኝነት ወደ ፕሮግራሙ የሚገቡት ድሮውንም ጤነኞቹና ለሕክምና ብዙ የማያወጡት ነበሩ። ባለሙያው ሪፖርት ሲጽፍ ግን «የተሳተፉት ከቀሩት ይሻላሉ» ይላል፤ አሠሪውም የከፈለበት ነገር የሠራ ይመስለዋል። ድሮም ጂም የሚሄደውን ሰው በነፃ ጂም ማስገባት እንግዲህ ስጦታ ይባል እንደሆነ እንጂ የጤና ፕሮግራም አይባልም።

ይሁን እንጂ እዚያው አሜሪካ የፔፕሲ ኩባንያ ሒሳብ ሲመረመር ሌላ ነገር ወጥቷል። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም የሰባት ዓመት መረጃ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳሳወቀው፣ የኩባንያው ፕሮግራም ሁለት ክፍል ነበረው። አንደኛው ለጤነኛውም ለሁሉም የሚሰጠው የአኗኗር ምክር ሲሆን፣ ለወጣበት አንድ ዶላር የመለሰው 50 ሳንቲም ገደማ ነው፤ ከስሯል ማለት ነው። ሁለተኛው አስቀድሞ ስኳር፣ ግፊት፣ አስም ወይም የመሳሰለው በሽታ ላለበት ሠራተኛ የሚደረገው የቅርብ ክትትል ነበር። ይህኛው ለአንድ ዶላር ወደ 3 ዶላር ከ80 ሳንቲም መልሷል። ገንዘቡ ያለው ግልጽ ችግር ካለበት ሰው ዘንድ ነው፤ ችግር የሌለበትን ሰው መምከር ለመካሪው ብቻ ይጠቅማል።

ለኢትዮጵያ ነጋዴ ግን የአሜሪካው ስሌት እንዳለ አይሠራለትም። ለብዙው ድርጅት የሠራተኛው በሽታ የሚታየው በሆስፒታል ደረሰኝ አይደለም። የሚታየው ሰኞ ጠዋት ባዶ ሆኖ በሚያድር የስፌት ማሽን፣ ዘግይቶ በሚጫን ኮንቴይነር፣ በገዢ ተመላሽ በሚደረግ ዕቃ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሥራውን ለምዶ በሚሄድ ሠራተኛ ነው። ይህ ኪሳራ ደረሰኝ ስለሌለው ማንም አይደምረውም።

ቡና ላኪውን እንውሰድ። በላኪዎች መጋዘን ውስጥ ቡና የሚለቅሙት እናቶች ሥራ የዓይን ሥራ ነው። ጥቁሩን፣ የተበሳውን፣ የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው ይለያሉ። በኢትዮጵያ የደረጃ አወጣጥ በ300 ግራም ናሙና ውስጥ እስከ 3 ግድፈት የተገኘበት ቡና አንደኛ ደረጃ ሲሆን፣ ከ4 እስከ 12 የተገኘበት ሁለተኛ ይሆናል። አንድ መጥፎ ፍሬ ማለፍ አለማለፉ እንግዲህ የደረጃ፣ ስለዚህም የዋጋ ጉዳይ ነው። በሌላ በኩል የሰው ዓይን ከ40 ዓመት በኋላ ቅርብ ያለውን ማየት እየተሳነው እንደሚሄድ የታወቀ ነው። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ያቃታት እናት ልጇን ትጠራለች፤ መልቀሚያው ጠረጴዛ ላይ ግን የምትጠራው የላትም። ዘገምተኛ ሆነች ተብላ ትሰናበታለች፣ ወይም ያላየችው ፍሬ ከደህናው ጋር ያልፋል።

ይህ ነገር በሕንድ አሳም ክፍለ ሀገር በሻይ ቅጠል ለቃሚዎች ላይ ተፈትኗል። ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ 751 ለቃሚዎች መካከል በዕጣ ለግማሾቹ የቅርብ ማያ መነጽር ተሰጠ፤ ለአንድ ሰው የወጣው ጠቅላላ ወጪ 10 ዶላር ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ውጤት መነጽር ያገኙት በቀን የሚለቅሙት ከ25 ኪሎ ወደ 35 ኪሎ ግድም ከፍ ብሏል። ወቅቱ የምርት ስለነበር ያላገኙትም ጨምረዋል፤ ያ ተቀንሶ በመነጽሩ ብቻ የመጣው ልዩነት 21.7 በመቶ ሆኗል። ቡና ሻይ አይደለም፤ መጋዘንም እርሻ አይደለም። ነገር ግን ቅጠል ከቅጠል ለመለየት የሚያስፈልገው ዓይን ፍሬ ከፍሬ ለመለየት አያስፈልግም የሚል ላኪ አይኖርም። ከ40 ዓመት በላይ የሆኑ 50 ለቃሚዎች ያሉት ሰው በዚያው ዋጋ ቢያሰላ 500 ዶላር ይደርስበታል። አንድ ኮንቴይነር ቡና በደረጃ ቢወርድበት የሚያጣውን ከዚህ ጋር ያስተያየው።

እዚህ ላይ ግን ሰዎች የማያነሡት ጥያቄ አለ። ያ የ21 በመቶ ጭማሪ የማን ነው? ለቃሚዋ በኩንታል ወይም በኪሎ የሚከፈላት ከሆነ መነጽሩ የእሷንም ገቢ ከፍ ያደርጋል፤ ባለቤቱም እሷም ይጠቀማሉ። በቀን ሒሳብ የሚከፈላት ከሆነ ግን ጭማሪው በሙሉ ለባለቤቱ ነው፤ ለእሷ የሚተርፋት ራስ ምታቷ መቀነሱ ነው። ይህም ጥቅም ነው፤ ሆኖም «ለሠራተኛው ያደረግሁት ውለታ» ብሎ መናገር አያምርም። ፕሮግራሙ ለሁለቱም እንዲጠቅም የፈለገ ሰው አከፋፈሉንም አብሮ ማየት ይኖርበታል።

ስለ ሠራተኛ ፍልሰት ደግሞ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረገ ጥናት አለ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን ከአምስት ድርጅቶች ጋር ተስማምተው ሥራውን ለአመልካቾች በዕጣ አደሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ውጤታቸው መሠረት አብዛኞቹ ሥራ ያገኙት ሰዎች ዓመት ሳይሞላቸው የፋብሪካውን ዘርፍ ጥለው ሄደዋል። ሥራው ምቾት የሌለውና ለአደጋ የሚያጋልጥ ሆኖ አግኝተውታል። በፋብሪካ ባሳለፉት በእያንዳንዱ ወር ከባድ የጤና ችግር የገጠማቸው ሰዎች ድርሻ በአንድ በመቶ ነጥብ ያህል ከፍ ይል ነበር። ብናኝ፣ ኬሚካል፣ ሙቀት፣ ቀኑን ሙሉ መቆም ማለት ነው።

«የእኛ አገር ሠራተኛ ሥራ አይወድም» የሚለውን የባለፋብሪካዎች ሐሜት በዚህ መነጽር ማየት ይጠቅማል። ሥራ የጠላው ሰው አለ፤ ሥራው የጠላውም አለ። ጠዋት ሳይበላ የሚመጣን ሰው ማብላት፣ ለሴቶች የሚሆን የሚቆለፍና ውኃ ያለው መጸዳጃ ቤት መሥራት፣ ብናኝ የሚስብ ማራገቢያ መግጠም፣ የማታ ፈረቃ ላይ የሚሠሩትን እስከ ዋናው መንገድ በመኪና ማድረስ፤ እነዚህ በመጽሔት ላይ ፎቶ የሚነሡ ነገሮች አይደሉም። ጂም የሚከፈተው ከእነዚህ በኋላ ነው፤ ከተከፈተ። በእርግጥ ይህ ሁሉ ደመወዝን አይተካም። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባወጣው ሪፖርት የጠቀሰው መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። በዚያ ደመወዝ የቤት ኪራይና ምግብ ለማይሸፈንለት ሰው የጤና ገለጻ መስጠት ስድብ ነው።

ሠራተኛውም ቢሆን እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሲመጣ እልል ብሎ አይቀበልም፤ የሚፈራው ነገር አለው። «ተመርመሩ» ሲባል ውጤቱ ማን እጅ ይገባል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው በጤና ምክንያት ሥራውን መሥራት ካልቻለ በማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ እንደሚቻል ይደነግጋል። ስለዚህ ግፊቱ 170 ሆኖ የተገኘ ሾፌር ወረቀቱ ወደ አለቃው ጠረጴዛ ከሄደ ሥራዬ አበቃ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ውጤቱ ሾፌሩ ከምርመራ መሸሽ፣ ባለንብረቱም የታመመ ሰው እጅ ላይ መኪናውን ማሳደር ነው። ምርመራውን የውጭ ክሊኒክ አድርጎት፣ ወረቀቱ ለሠራተኛው ብቻ ተሰጥቶ፣ ለድርጅቱ ስም የሌለበት ጥቅል ቁጥር ቢደርሰው ግን የሚፈራ አይኖርም። ባለቤቱ ማወቅ የሚያስፈልገው ከ40 ሾፌሮች ስንቱ ግፊት እንዳለበት እንጂ እነማን እንደሆኑ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከአዋቂዎች 16 በመቶ የሚሆኑት ከፍ ያለ የደም ግፊት እንደነበረባቸው ስለተገኘ፣ ከ40ው ውስጥ አንድም የለም የሚል ቁጥር ከመጣ ልኬቱን መጠርጠር ይሻላል።

ያው አዋጅ ለባለቤቱ ሌላም ነገር ያስታውሰዋል። የታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ደግሞ ግማሽ ደመወዝ ያገኛል። ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ከሆነ ሕክምናውም የአሠሪው ነው፤ በዚያ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ ይከፈላል። በምትኩ የሚቀጠረው ሰው ደመወዝ ሳይቆጠር ማለት ነው። አበው ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት እዚህ ላይ በብር ሊተመን የሚችል ነገር ነው።

አክሲዮን ለመግዛት የሚያስብ ሰውም ከትርፍ ክፍፍሉ ቀጥሎ ሊጠይቀው የሚገባ ቁጥር አለ፤ ባለፈው ዓመት ስንት ሠራተኛ ለቀቀ? በዓመታዊ ሪፖርት ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ትርፉ ጨምሮ ሠራተኛው ግማሽ በግማሽ የተቀያየረበት ፋብሪካ ግን የዘንድሮውን ገንዘብ ያገኘው ከሚቀጥለው ዓመት ተበድሮ ነው።

ወጪውን የሚፈራ ባለሀብት የግብር ሕጉንም ይመልከት። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ አሠሪው ለሠራተኛው ሕክምና የከፈለውን ትክክለኛ ወጪ ከሥራ ገቢ ግብር ነፃ አድርጎታል። ለሠራተኛው ያንኑ ብር በደመወዝ መልክ ቢጨምርለት ግን ግብር ይቆረጥበት ነበር። ክሊኒኩ ስለዚህ ሕጋዊ ደረሰኝ የሚሰጥ መሆን ይኖርበታል፤ ያለ ደረሰኝ የወጣ ገንዘብ በግብር ሰብሳቢው ፊት እንዳልወጣ ይቆጠራል።