ክላሲካል የእንቅልፍ መድኃኒት ነው ያለው ማነው?

ከአየር ጤና ጦር ኃይሎች በሚወስደን ታክሲ ውስጥ አንዱ ጓደኛችን ከስልኩ ፒያኖ ቢያሰማ፣ «ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?» ተባለ። ታክሲው ሙሉ ሳቀ። እኛም ሳቅን፤ ስንወርድ ግን አፈርን።

ክላሲካል ወይ ለለቅሶ ወይ ለእንቅልፍ ነው የሚሉንን አጥብቀን እንቃወማለን! የስትራቪንስኪ «የፀደይ ሥርዓት» እ.ኤ.አ. በ1913 ፓሪስ ላይ ሲቀርብ አዳራሹ በጩኸትና በፉጨት ተናውጧል። ይሄ ነው እንቅልፍ? እስክስታ የለመደ ትከሻ የዚያን ሙዚቃ ስብርብር ምት ሰምቶ ዝም ብሎ አይቀመጥም።

«የፈረንጅ ነው» ለምትሉትማ፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1967 በ«ኮቱራሲያ» የጃፓኑን ኮቶ ከፍሉት፣ ከክላርኔትና ከቫዮሊን ጋር አጋብተውታል። ግርማ ይፍራሸዋ በክራር ጀምሮ ሶፊያ ድረስ ሄዶ ፒያኖ ተማረ። «አምባሰል»ን እስቲ ስሙለት፤ ቅኝቱ የቤታችን ነው፣ ጣቶቹ ግን ቁጭ ብድግ ያሰኛሉ። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ደግሞ መሄጃውን አስቀድሞ አይናገርም፤ ቆም ይላል፣ ያመነታል፣ ድንገት ይሮጣል።

ክላሲካልን እንደ ከረባት አስረው የሚጎማለሉብንም አይሻሉም። የቤትሆቨንን ስም አፍ ሞልተው ይጠራሉ፤ እማሆይን ግን ያወቋቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ፈረንሳይ ውስጥ በሲዲ ከታተሙ በኋላ ነው። (ሐቁን እንናገር ከተባለ፣ ከመካከላችንም እንዲህ ያለ አይጠፋም።)

ኮልፌ ቀራኒዮ ፒያኖ ያለው ቤት ብርቅ ነው። ስልክ ግን በየኪሳችን አለ። ነገ ማታ በዚያው ታክሲ ግርማን እናሰማለን፤ የሚስቅ ይሳቅ!