ልጄ የሸፈነው መብራት

ባለፈው ነሐሴ፣ ካፊያ በነበረበት ጠዋት፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ቁልቁል ስወርድ ከፊቴ የነበረው ሚኒባስ ተሳፋሪ ለማንሳት ድንገት ቆመ። ፍሬኑን አጥብቄ ረገጥኩ። ጎማዎቹ መዞራቸውን አቁመው መኪናዋ በርጥቡ አስፋልት ላይ ተንሸራተተች፤ መሪውን ባዞርም አልታዘዝ አለች። ሚኒባሱን ልትነካ አንድ ክንድ ያህል ሲቀራት ቆመች። ከኋላ የተቀመጠው የልጅ ልጄ «እማማ፣ እንደገና!» አለ። እኔ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መኪናዋ ኤቢኤስ አላት። ይህ ማለት ፍሬን አጥብቃችሁ ስትይዙ ጎማው እንዳይቆለፍ በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ያዝ ለቀቅ የሚያደርግ መሣሪያ ነው፤ ሲሠራ ፔዳሉ ከእግር ሥር ይርገበገባል። የኔ አልተርገበገበም። ማታ ቁልፉን አዙሬ ዳሽቦርዱን አየሁ። የዘይቱም የባትሪውም መብራት በራ፤ የኤቢኤሱ ግን ጭራሽ የለም። ደህና ቢሆን ኖሮ ለጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋት ነበረበት። (ዛሬ ማታ የራሳችሁን እዩ፣ ደቂቃ አይፈጅም።)

ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩ ዳሽቦርዱን ሲፈታ አምፖሏ በጥቁር ናስትሮ ተሸፍናለች። ልጄ አንገቱን ደፋ። ለካ መኪናዋን ሲያመጣልኝ መብራቱ አልጠፋ ብሎት፣ ሌላ ጋራዥ ደግሞ «ሞጁሉ ሞቷል፣ ይቀየር» ብሎ የማይቻል ዋጋ ጠርቶበት ነበር። «እማዬ፣ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው» አለኝ። ተቆጣሁ፤ ግን ብዙ አልገፋሁበትም። በሥራ ዘመኔ የበሽተኛ ልጆች ኮሪደር ላይ ይዘውኝ «ሲስተር፣ ለእናታችን እንዳትነግሪያቸው» ሲሉኝ ስንት ጊዜ እሺ ብያለሁ።

ይህኛው መካኒክ ሳይመረምር መድኃኒት የሚያዝ ዓይነት አልነበረም። በማሽን የስህተት ኮዱን አነበበ፤ ኮዱ ሕመሙ የት አካባቢ እንደሆነ ይጠቁማል እንጂ ምን እንደሆነ ሁልጊዜ አይናገርም። ስለዚህ ባትሪና ፊውዙን አየ፣ የየጎማውን ሴንሰር ከጭቃ አጸዳ፣ ገመዶቹን ለካ፣ ወደ ሞጁሉ ኤሌክትሪክ መድረሱን አረጋገጠ። ሁሉም ደህና ሲሆን ነው ሞጁሉን የነካው። በኛ መኪና ኤሌክትሮኒክሱ ከፍሬን ዘይቱ ክፍል ተነጥሎ ስለሚወጣ ቱቦ መፍታትና አየር ማስወጣት አላስፈለገም። ክዳኑን ከፍቶ በማጉያ መነጽር አሳየኝ፤ ብየዳው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበር። የሙቀትና የንዝረት ሥራ ነው አለኝ። እንደገና በየደው፣ ውሃ እንዳይገባውም አሸገው። ያገለገለ ሞጁል ገዝተን ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ መግጠም ነበረበት፤ በብዙ መኪኖችም በማሽን ማላመድ ይጠይቃል።

ለእናንተ አንድ ነገር፦ ቢጫው የኤቢኤስ መብራት ብቻውን ቢበራ ተራው ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል፤ ቀስ ብላችሁ ጋራዥ ትደርሳላችሁ። ቀዩ የፍሬን መብራት አብሮ ከበራ ግን አቁሙ፣ አትንዱ።

በመጨረሻ ሰው የሌለበት ጠጠር ሜዳ ወጥተን፣ ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ፍሬኑን ረገጥኩ። ፔዳሉ እግሬ ሥር ተርገበገበ።

«ሌላስ የሸፈንከው አለ?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለና፣ «የእጅ ፍሬኑ ላላ ብሏል» አለኝ።